ፎቅም ታችም በአንድ ደቂቃ

ሚያዝያ 14

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለመፍቻዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እናትሽስ? ጉልበቷን ዛሬም ያማታል ወይስ ማማረሩ ልማድ ሆኖባት ነው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን አንድ ነገር ጎድሎብኛል።

ከቤቴ ሥር ያለው ቦይለር ሞተ። ያ ውኃ እያሞቀ በየክፍሉ ወዳሉት ብረቶች የሚልከው ትልቁ ጋን ማለቴ ነው። መጋቢት ላይ አንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሳለ፣ አንዴ አጓራ፣ ከዚያ ጭጭ አለ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ስነዳ፣ ግማሹን እዚያ ከአባትሽ ጋር ግማሹን እዚህ፣ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። ሊያየው የመጣው ሠራተኛ ቱቦው ሁሉ በስብሷል፣ ለመቀየር ወለሉም ግድግዳውም መፍረስ አለበት ብሎኝ ሄደ።

ይህን የሰማው ልጄ እህቱን አስከትሎ መጣ። እንደምታውቂው እሱ መድን ድርጅት ነው የሚሠራው፣ ደሞዝ የሚበላው ክፉ ክፉውን እያሰበ ነው። «አባዬ፣ ጥቅምት ሳያልቅ ወይ ይህ ቤት ይሞቃል ወይ አንተ እኔ ጋ ትገባለህ፣ ቤቱም ይሸጣል» አለኝ። ያዘጋጀልኝ ክፍል ልብስ የሚተኮስበት ነው። አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፣ መስኮቱ የሚያሳየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። ልጄ ክፉ ሰው አይደለም፣ ስለ እኔ ስለሚጨነቅ ነው። እኔ ግን ሚስቴን ያኖርኩበትን፣ ሁለት ልጆች ያሳደግኩበትን ቤት ትቼ ከካውያ ጋር ኑሮ አልጀምርም።

አንድ ሻጭ ጠራሁ። ወለል የማያፈርስ፣ በየጣሪያው የአየር መተላለፊያ የማያስገባ፣ ግድግዳ ላይ ብቻ የሚሰቀል ማሽን አለ አለኝ። በጋ ያቀዘቅዛል፣ ክረምት ያሞቃል። ቤቱን በአሥራ አንድ ደቂቃ ዞሮ «ለእርስዎ ቤት ነው የተፈጠረው» አለኝ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይነካ የሚወርድ ዓይነት ሰው ነው። አላመንኩትም።

አንቺን ግን አምናለሁ። በስድስት ዓመትሽ ሬድዮኔን ፈታተሽ መልሰሽ ስትገጥሚው ሁለት ብሎን ተርፎሽም ሠርቷል። ዛሬ ደግሞ ሥራሽ ይኸው ነው። ማሽኑ ለቤቴ ይስማማል አይስማማም? እውነቱን ንገሪኝ።

ለምን አይደውልም እንዳትይ። ስልኩን የሚያገናኝልኝ ልጄ ነው፣ ከጎኔ ተቀምጦ ነው የሚሰማው። ደብዳቤ ግን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ «ይኸው፣ ባለሙያዋ ያለችውን አንብብ» ልለው እችላለሁ።

ተባረኪ። እናትሽን ሳሚልኝ።

አጎትሽ


ግንቦት 3

ለተከበሩ ጋሼ፤

እድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ መሰላል ላይ ሆኜ ነው። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ «ከውጭ አገር!» እያለ ሲጮህ ድሪሉን ለቅቄው እግሩ ላይ ሊወድቅ ነበር። እናቴ ጉልበቷ ልማድ አይደለም በይልኝ ብላለች። ተቀይማለች፣ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ደብዳቤዎን ለጎረቤት ስታነብ ነው የሰነበተችው።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ማሽኑን አውቀዋለሁ፣ ስምንት ዓመት ስሰቅለው ኖሬያለሁ። ሁለት አካል ነው ያለው። አንዱ ውጭ ይቀመጣል፣ አንዱ ክፍል ውስጥ ይሰቀላል፣ ቡጢ በሚያስገባ ቀዳዳ በሁለት የመዳብ ቱቦ ይገናኛሉ። እሳት አያነድም። ከውጭው አየር ላይ ሙቀት ለቃቅሞ ያስገባልዎታል፣ በበጋ ደግሞ የክፍሉን ሙቀት አውጥቶ ይጥለዋል። ብርድ ውስጥ ምን ሙቀት አለ እንዳይሉኝ፣ አለ። ብርዱ በጣም ሲጠና ግን መልቀሙ ይከብደዋል።

ሻጭ የማይነግርዎት አንድ ነገር አለ። ማሽኑ የሚያሞቀው የተሰቀለበትን ክፍል ነው። በር ከተዘጋበት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ «ይስማማል ወይ» የሚለው ጥያቄ የቤቱ ጥያቄ ብቻ አይደለም፣ ቤቱ ውስጥ እንዴት እንደሚኖሩ ማወቅ አለብኝ።

እባክዎ ስንት ክፍል እንዳለ፣ የትኛው ውስጥ እንደሚውሉ፣ የት እንደሚተኙ፣ በሮቹ ክፍት ይሁኑ ዝግ ይጻፉልኝ። ማንቆርቆሪያውና ካውያው አብረው ሲሰኩ መብራቱ ይደክማል? ቀጭን ክር መስኮቱ ጫፍ ላይ ይያዙና ይወዛወዝ እንደሆነ ይዩ። ቴርሞሜትር ካለዎት ደግሞ በየክፍሉ እየዞሩ ለሰባት ቀን፣ ጠዋትና ከቀትር በኋላ፣ ልኩን ይመዝግቡልኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። መሥሪያ ቤት ያወጡልኝ ስም «ወይዘሪት አይሆንም» ነው። ሌሎቹ የሄዱበትን ቤት ሁሉ «ይስማማል» ብለው ይፈርማሉ። እኔ የማይሆነውን አይሆንም ስለምል አለቃዬ ሲያየኝ ጥርሱን ያመዋል። ለእርስዎም ሌላ ሰው አልሆንም።

ጤናዎን ይጠብቁ።

መፍቻ


ሰኔ 2

ለመፍቻዬ፤

ሰላምታዬ በያለሽበት ይድረስሽ፣ መሰላሉንም አጥብቂው። ስምሽን ወደድኩት። አይሆንም የማትል ሴት ሆነሽ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ቴምብር አላባክንም ነበር።

ቤቴ አምስት ክፍል ነው። ታች ሳሎንና ወጥ ቤት፣ ፎቅ ሦስት መኝታ ቤት። ሁሉንም እጠቀምባቸዋለሁ። ፎቅ እተኛለሁ፣ ታች እበላለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ፎቅ ላይ ከመንገዱ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ጋዜጣ አነባለሁ። ደረጃውን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እወጣለሁ፣ ለደም ዝውውር ጥሩ ነው ይላሉ። በሮቹን እዘጋለሁ፣ ሲከፈቱ ይንቋቋሉ። ክሩ ሳሎን ውስጥ ዝም አለ፣ ወጥ ቤት ትንሽ ጨፈረ። ማንቆርቆሪያና ካውያ አብረው ሲሰኩ መብራቱ ዓይኑን ይጨፍናል።

የሰባት ቀኑን ልኬት በቅጽ አስገብቼ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በመስመር በመስመር ነው የሠራሁት። ሾፌር ቅጽ መሙላት ያውቃል።

ልጆቼ እሁድ እሁድ ይመጣሉ። ልጄ ሁልጊዜ ፎቅ ወጥቶ ያያል፣ ሥራው መፈተሽ ስለሆነ ነው። አልጋዬ ተነጥፎ ሲያገኘው «አባዬ እንዴት ንጹሕ ሰው ነህ» ይለኛል። ስለዚህ ሰውየው ራሱን አልጣለም ማለት ነው። ይህንንም ጻፊው።

አደራ፣ በጊዜ መልሺ። ሰኔ ገባ፣ ጥቅምት ሩቅ ይመስላል እንጂ ሩቅ አይደለም።

አጎትሽ


ሰኔ 23

ለተከበሩ ጋሼ፤

በያሉበት ሰላምና ጤና ይክበብዎት። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

አይሆንም።

የነገሩኝ ቤት፣ የነገሩኝ ኑሮ ከሆነ፣ ይህ ማሽን አይስማማውም። አምስት ክፍል ነው፣ ሁሉም በር ዝግ ነው፣ እርስዎ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞሩ ይውላሉ። ሳሎን ላይ አንድ ብሰቅል ፎቅ ሲተኙ ይበርድዎታል። በየክፍሉ አንዳንድ ልስቀል ብል ደግሞ የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር በማንቆርቆሪያና በካውያ ዓይኑን የሚጨፍን ነው፣ አምስት አይሸከምም። በሩን ከፍተን አንዱ ለሁሉም ይድረስ ብንል ሙቀቱ ደረጃውን ይዞ ፎቅ ጣሪያ ሥር ይከማቻል፣ ታች ያለ ሰው እግሩ ይቀዘቅዛል። ሻጩ ይህን ሁሉ ያውቃል፣ ለመናገር ግን አሥራ አንድ ደቂቃ አይበቃውም።

ጋሼ፣ ደስ የሚያሰኝ ነገር ብጽፍልዎት ምንኛ በወደድኩ። ታኅሣሥ ላይ ግን የሚቀመጡት ብርዱ ውስጥ ነው፣ በዚያን ጊዜ ደብዳቤዬ አያሞቅዎትም። ሌላ መንገድ ካለ አብረን እንፈልግ።

እናቴ ስታነበው አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው።

መፍቻ


ሐምሌ 10

መፍቻ፤

ደህና ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

አውቶቡስ ሃምሳ ወንበር ስላለው ሃምሳ ሞተር ይገባለታል? አንድ ሞተር ነው ሁሉንም የሚጎትተው። አንቺ ስምንት ዓመት ሠርተሽ ይህንን ማወቅ አቃተሽ?

ልጄ መልስሽን ጠይቆኛል። አልደረሰም አልኩት። ሻጩ ዘንድም ደውሎ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን ባለፈው እሁድ የአንዱን ደላላ ካርድ ሻይ ማቅረቢያው ላይ ጥሎት ሄደ። ረስቶት ነው ይላል። መድን ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚረሳው ነገር የለም።

የምፈልገው አንዲት መስመር ነው። «ማሽኑ ለዚህ ቤት ይስማማል» ብለሽ ጻፊ፣ የመሥሪያ ቤትሽን ማህተም አድርጊበት፣ ላኪ። የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። ቢበርደኝ የሚበርደው እኔን ነው። አንቺን ማንም አይጠይቅሽም።

ከልጅነትሽ ጀምሮ አንድ ነገር ለምኜሽ አላውቅም። ይህ የመጀመሪያው ነው።

አጎትሽ


ሐምሌ 29

ለተከበሩ ጋሼ፤

ከቁጣዎ በፊት ሰላምታዬ ይድረስልኝ። እድሜዎን ያርዝመው፣ ንዴትዎን ያሳጥረው።

አንዲቷን መስመር አልጽፍም። ማህተሙ አለቃዬ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ኪሴ ውስጥ ቢሆንም ግን አላደርገውም። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴትዮ ለምነውኝ ነበር፣ ልክ እንደ እርስዎ፣ «አንድ ፊርማ ምን ያደርግሻል» ብለው። ሌላው ልጅ ፈረመላቸው። ክረምቱን ሙሉ ማሽኑ ከታች ሲጮህ እሳቸው ከላይ ሲንቀጠቀጡ ከረሙ። ስለዚህ ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝ፣ እኔ ግን አይሆንም ያልኩትን ይሆናል አልልም።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ተናድጄ ቅጽዎን እንደገና አወጣሁት። የተሳሳትኩት ነገር ካለ ብዬ፣ በየመስመሩ ጣቴን እያስኬድኩ ነው ያነበብኩት።

ግንቦት 12 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ፎቅ መኝታ ቤት፣ 22 ዲግሪ። ግንቦት 12 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ሳሎን፣ 22 ዲግሪ። ቴርሞሜትርዎ አንድ ነው። በማግሥቱም ሁለት ሰዓት ላይ ፎቅም ታችም ነዎት። ሰባቱንም ቀን እንዲሁ። ጋሼ፣ በአንድ ደቂቃ ፎቅም ታችም የሚገኝ ሰው እኔ አላውቅም።

ደግሞስ ከጣሪያ ሥር ያለ ክፍል፣ በግንቦት ፀሐይ፣ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ከሳሎን ጋር እኩል ይሆናል? ሦስት አራት ዲግሪ ካልበለጠ እኔ ሥራዬን ለቅቄ ጨው ልሽጥ።

ይህም ይቅር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አብራችሁ ስትነዱ የሳምንቱን የጉዞ ቅጽ የሚሞላው መቼ ነበር? ቅዳሜ ጠዋት፣ አንዴ ቁጭ ብሎ። ከጎኑ ሆኜ ማስመሪያ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። የሰኞው ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጁ እየደከመ ሲሄድ የዓርቡ ይተኛል። የእርስዎም 2 ቁጥሮች ዓርብ ላይ ተኝተዋል። ይህን ቅጽ የሞሉት በሰባት ቀን አይደለም፣ በአንድ ጠዋት ነው፣ ከሳሎን ሳይነሱ።

አልተቀየምኩም። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ፎቅ ለመጨረሻ ጊዜ የወጡት መቼ ነው?

መፍቻ


መስከረም 5

ለተከበሩ ጋሼ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በጤና አደረሰዎ። ደብዳቤ ከላክሁ አምስት ሳምንት አለፈ። የፖስታ ቤቱ ልጅ ሲያየኝ ከሩቁ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል።

አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጻፍኩትን ግን አልሽረውም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ እንዲህ ይመረመራል?» ብላ አኩርፋኛለች። አብረን እራት እየበላን በጎረቤት በኩል ነው የምታናግረኝ።

ደህና መሆንዎን ብቻ ይጻፉልኝ። ሁለት ቃል ይበቃኛል።

መፍቻ


መስከረም 12

ለመፍቻዬ፤

ደህና ነኝ። ሁለቱ ቃል ይኸው። ሁለተኛው ደብዳቤሽም ደርሶኛል፣ ዛሬ ጠዋት በበሩ ሥር ገብቶ አገኘሁት። ይህንን ግን ከዚያ በፊትም ስጽፈው ስቀደው ነበር።

ለጥያቄሽ መልስ። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በፊት።

ደረጃው አሥራ አራት ነው። ዘጠነኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። አልወደቅኩም፣ ቁጭ አልኩ። ከዚያ እንደ ሕፃን በመቀመጫዬ አንድ በአንድ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ታች ስደርስ ሸሚዜ በላብ ርሶ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ አልሞከርኩትም።

የምኖረው ሳሎን ነው። የምተኛው ሶፋው ላይ ነው። ልብሴ ቴሌቪዥኑ ሥር ካለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ወጥ ቤቱም መጸዳጃውም አጠገቤ ናቸው፣ ግድግዳ ሳልይዝ እደርሳለሁ። እሁድ ጠዋት ልጆቼ ሳይመጡ ብርድ ልብሴን አጥፌ ከሶፋው ጀርባ፣ ትራሴን ወጥ ቤት ያለው ምድጃ ሆድ ውስጥ እከታለሁ። አንድ ቀን ልጄ ኬክ ላሙቅ ብላ ምድጃውን ልትለኩስ ስትል «ተይው! ተበላሽቷል!» ብዬ ጮህኩባት። በማግሥቱ ምድጃ ሠሪ ላከችብኝ። ሰውየው ትራሱን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ምንም አልጠየቀም፣ ሄደ። እስከ ዛሬ እኔን ያልጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

አልጋዬ ሁልጊዜ ተነጥፎ የሚገኘው የሚተኛበት ስለሌለ ነው። እነሱ ንጽሕናዬን ያደንቃሉ።

ለምን ዋሸሁ ትያለሽ። ደረጃ አይወጣም የተባለ ሽማግሌ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ያንን ካመንኩ፣ ሌላውን እኔ አልወስነውም። ሻንጣዬን ሌላ ሰው ያዘጋጃል፣ የምበላበትን ሰዓት ሌላ ሰው ያወጣል። ስለዚህ አምስት ክፍል እኖራለሁ አልኩሽ። ባለቤት መስዬ ለመታየት ነው። አፍሬያለሁ። አንቺን በመዋሸቴ ነው ያፈርኩት፣ ባለመውጣቴ ግን አላፈርኩም።

አሁን አወቅሽ። ብትፈልጊ ለልጄ ጻፊለት። ይስማማል ብትዪም አይስማማም ብትዪም እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም! ጓንት አድርጌ እተኛለሁ። ሶፋው ላይ ሆኜ በረዶ ሲወርድ አያለሁ። የሚያስወጣኝ ይምጣና ይሞክረኝ።

እናትሽን ታረቂያት። ምርመራሽ ትክክል ነበር በያት።

አጎትሽ


መስከረም 30

ጋሼ! ጋሼ! ጋሼ!

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ አደርሰዋለሁ፣ መጀመሪያ ይህን ያንብቡ። ይስማማል!

ምነው ይህን ሚያዝያ ላይ በነገሩኝ ኖሮ! አይሆንም ያልኩት ለአምስት ክፍልና ሲወጣ ሲወርድ ለሚውል ሰው ነው። ያ ሰው የለም። ያለው በአንድ ክፍል የሚኖር፣ በሩን የሚዘጋ፣ ክሩ የማይወዛወዝበት ሳሎን ያለው ሰው ነው። ይህ ማሽን የተሠራው ለዚያ ሰው ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ማሽን፣ ወለል አይፈርስ፣ መስመሩም አንዱን ይሸከማል። አምስት ወር ሙሉ የደበቁኝ ነገር ነው ይሆናል ያሰኘኝ።

እንዲያው ዝም ብሎ ደግሞ አይደለም፣ የማይችለውንም ልንገርዎ። ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ሳምንት ይደክማል፣ ስለዚህ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለመጠባበቂያ ይኑርዎት፣ ሁለቱ ሲበሩ ግን ማንቆርቆሪያው ይረፍ። ፎቁ በረዶ ቤት ይሆናል፣ ወደ ላይ የሚወጣው የውኃ መስመር መዘጋትና መድረቅ አለበት፣ አለዚያ ይፈነዳል። የውስጡ አካል ከሶፋው ራስጌ በላይ እንዳይሰቀል፣ ቀኑን ሙሉ ፊትዎ ላይ ይነፍሳል። የውጭው ከመሬት ከፍ ይበል፣ በረዶ እንዳይቀብረው። የሚንጠባጠብ ውኃ አለው፣ መርገጫዎ ላይ እንዳይወርድ ወደ አትክልቱ ይመለስ። አቧራ የሚይዘው የውስጡ ወንፊት በየሦስት ሳምንቱ ወርዶ ይታጠባል፣ እርስዎ ወንበር ላይ ወጥተው እንዳይነኩት፣ ልጅዎ ታውርደው።

ወረቀቱን ጽፌዋለሁ፣ ከዚህ ጋር ነው። የመጀመሪያው መስመር «የቤቱ ባለቤት ፎቅ አይወጡም፣ የሚኖሩት ታች ባለው ሳሎን ነው» ይላል። ሁለተኛው «ለዚህ ክፍል ይህ ማሽን ይስማማል» ይላል። የመጀመሪያውን ቆርጠው ሁለተኛውን ብቻ ማሳየት አይችሉም፣ አንድ ወረቀት ላይ አያይዤ ነው የጻፍኩት፣ የእርስዎን ዘዴ ስለማውቅ።

ማህተም የለውም። አለቃዬ «ላልሸጥነው ዕቃ ማህተም አናወጣም» አለኝ። ሁለተኛ አልለመንኩትም። ከሥሩ ስሜን፣ ሙያዬን፣ ስምንት ዓመት የሠራሁ መሆኔን ጽፌ በእጄ ፈርሜያለሁ። ማሳየት አለማሳየት የእርስዎ ፈንታ ነው። እኔ ለልጅዎ አልጽፍም፣ የራስዎን ነገር የሚናገሩት ራስዎ ነዎት።

እንግዲህ ሰላምታዬ ይድረስልኝ፣ ጉልበትዎን ያበርታልኝ። እናቴ ታርቃኛለች። ትራሱን ስታነብ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሻይዋን ደፋችው።

መፍቻ


ኅዳር 25

ለመፍቻዬ፤

ለእጅሽ፣ ለዓይንሽ፣ ለግትርነትሽም ሰላም ይሁን። ስላዘገየሁብሽ አትቀየሚኝ፣ ነገሩ ሁሉ ከዳር እስኪደርስ ብዬ ነው።

ወረቀትሽን አራት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። መጀመሪያ ቆርጬ ላሳይ አስቤ ነበር፣ አልዋሽሽም፣ መቀሱንም አንስቼ ነበር። ተናደድኩ። በገዛ ቤቴ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እንደ ሌባ መቀስ ይዤ ቆሜ! ጣልኩት።

እሁድ መጣ። ብርድ ልብሱን አላጠፍኩትም። ትራሱንም እዚያው ተውኩት። ጸጉሬን አበጥሬ፣ ሸሚዜን ቀይሬ፣ መኝታዬ መሃል ቁጭ ብዬ ጠበቅኳቸው። በመጀመሪያ ያየችው ልጄ ናት። በሩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ አመመህ?» አለች። «አላመመኝም፣ የምተኛው እዚህ ነው፣ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነኝ» አልኳት። ወረቀትሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

ልጄ ተቆጣ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ዋሸኸን?» አለ። «አዎ፣ ዋሸኋችሁ» አልኩት። «እንግዲያውስ ነገሩ አለቀ፣ እዚህ አትቆይም፣ ከደረጃ ብትወድቅስ?» አለኝ። «የማልወጣው ደረጃ እንዴት አድርጎ ይጥለኛል?» አልኩት። እህቱ ሳቋ አመለጣት። እሱ አልሳቀም። ወረቀትሽን ቀምቶኝ ሦስት ጊዜ አነበበው፣ የመድን ውል እንደሚያነብ፣ ቀዳዳ እየፈለገ። ማሽኑ የማይችለውን የጻፍሽበት ቦታ ሲደርስ በጣቱ እየነካ ሄደ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ «ምን እንደማይችል የጻፈ ሰው ይችላል ሲል አምነዋለሁ፣ ሻጩ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነገረኝም» አለ። ለካ ለሻጩ ደውሎለት ኖሯል።

እኔም ለራሴ ቃል ገብቼ ነበርና ነገርኩት። «ይህ ማሽን ቢመጣም ባይመጣም አልሄድም። እኔን አሳምናችሁ የምታስወጡኝ ከሆነ ሞክሩ፣ አስፈራርታችሁ ግን አይሆንም። ደረጃው አሸንፎኛል፣ አምኛለሁ። እናንተ አላሸነፋችሁኝም» አልኩት። ግድግዳውን ዞሮ ዞሮ አየ። ከዚያ «የት ነው የሚሰቀለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከሶፋው ራስጌ ሌላ የትም» አልኩት።

ሻጩ ሦስት ሊሰቅል መጥቶ ነበር። አንዱን ሰቅሎ ሄደ። ልጄ የፎቁን ውኃ ዘጋ፣ አድርቆ ወረደ። ልጄም፣ ሴቷን ማለቴ ነው፣ ወንፊቱን ለማውረድ ቀን ቆርጣ የቀን መቁጠሪያዬ ላይ በቀይ ጻፈችው። በቤቴ ግድግዳ ላይ ሌላ ሰው ሲጽፍ ሳልቆጣ የቀረሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

ትናንት እሁድ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጣለ። ሁለቱም መጡ። መፍቻዬ፣ ልጄ እናቱ ከሞተች ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ሲመጣ ካፖርቱን አውልቆ አያውቅም፣ አንድ እግሩ ሁልጊዜ ወደ በሩ ነበር። ትናንት ተቀመጠ። ትንሽ ቆየ። ካፖርቱን አወለቀ። ቀጥሎ ሹራቡን አወለቀ። ቀጥሎ አንገቱን በእጁ እያራገበ «አባዬ፣ እንዴ፣ በጣም ሞቀ እኮ፣ ትንሽ ቀንሰው» አለኝ።

ሪሞቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። አልቀንስም አልኩት።

አጎትሽ